ፖስታ ቤት የማን ይሁን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ንግግር እንድናደርግ ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው አርእስት «ፖስታ ቤት በመንግሥት እጅ ይቈይ ወይስ ለግል ኩባንያ ይሰጥ?» የሚል ነው። በክርክር ማኅበራችን በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ስንከራከር ሰንብተናል። ክፍላችን በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር፤ በመጨረሻ የሚበዛው ወገን የደረሰበትን ሐሳብ ከነምክንያቱ በፊታችሁ እናቀርባለን። የውጭ አገሮችን ታሪክ ስናነሣ ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ያገራችንን ስናነሣ ግን ባገራችን አቈጣጠር እንደምንናገር አስቀድመን እናስታውቃለን።

ምናልባት ከመካከላችሁ «በዚህ ዘመን ስለ ፖስታ ቤት መከራከር ምን ይጠቅማል? መልእክቱ በስልክ ይጻፋል፤ ገንዘቡም በስልክ ይላካል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ከክፍላችን ልጆች የሚበዙት በሕይወታቸው አንድም ቴምብር በደብዳቤ ላይ ለጥፈው አያውቁም። ነገር ግን በስልክ የማይሄድ ነገር ብዙ ነው። መድኃኒት በስልክ አይሄድም። መጽሐፍ፣ ልብስ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር መለዋወጫ በስልክ አይሄድም። ማኅተም የተመታበት የትምህርት ማስረጃም ቢሆን በስልክ የሚሄደው ሥዕሉ እንጂ ዋናው ወረቀት አይደለም። እኛም በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየአቅጣጫው ስንበተን ከቤተ ሰቦቻችን ጋር የምንላላከው ዕቃና ወረቀት ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩ የአያቶቻችን ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

ዛሬ ባገራችን ዕቃ የሚላክበትን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአንድ ትንሽ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ነገር ሲኖር ላኪው መናኸሪያ ይሄድና ዕቃውን ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ ይሰጣል። የአውቶቡሱን ታርጋና የሾፌሩን ስልክ ቍጥር ለተቀባዩ ይነግረዋል። ተቀባዩም ሥራውን ትቶ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃል። ዕቃው ከደረሰ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ከጠፋ ግን ደረሰኝ የለ፤ ኀላፊ የለ፤ የሚጠየቅም የለ። አውቶቡስ ከሚቆምበት ከተማ አልፎ ወዳለው ቀበሌ ለመላክ ደግሞ ለገበያ የሚመጣ የዚያ አገር ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል። ሾፌሮቹን ለመውቀስ ይህን አላነሣንም፤ ብዙዎቹ ታማኞች ናቸው። የምንለው፣ የአንድ አገር ሕዝብ አደራውን የሚሰጠው ለዕድል ሳይሆን ለታወቀ ሥርዐት መሆን ይገባዋል ነው።

እንግዲህ ፖስታ ቤት ማለት ምን እንደ ሆነ ከመሠረቱ እንመልከት። መልእክት መላላክ ጥንታዊ ነገር ነው። በመጽሐፈ አስቴር ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ የነገሠው የፋርስ ንጉሥ ደብዳቤውን በፈጣን ፈረሶች በሚጋልቡ መልእክተኞች ይልክ እንደ ነበር ተጽፎአል። ባገራችንም መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ ከአገር አገር ይሮጥ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ፈረሶችና እነዚያ ሯጮች የሚያገለግሉት ንጉሡንና መኳንንቱን ነበር። ድኻው ለልጁ የሚልከው ቃል ቢኖረው ፈረስ አይታዘዝለትም። ስለዚህ የጥንቱ መልእክተኛ ሥራው ፖስታ ቢሆንም፣ እኛ በምንለው ትርጕም ፖስታ ቤት አልነበረም።

እውነተኛው ፖስታ ቤት የተወለደው በእንግሊዝ አገር በ1840 ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚያ በፊት በዚያ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚቈጠረው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበር። ድኻ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት መክፈያ በማጣት ሳይቀበል የሚመልስበት ጊዜ ነበር። ቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው በ1837 ስለዚህ ነገር አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። እርሱም ሒሳቡን ቢመረምር አንድ ደብዳቤ ከለንደን እስከ ኤዲንብራ ለማጓጓዝ የሚፈጀው ወጪ የአንድ ፔኒ 36ኛ እጅ ብቻ ሆኖ አገኘው። ወጪው የሚበዛው ከመንገዱ ሳይሆን ዋጋውን ለመተመን፣ ለመመዝገብና ከየቤቱ ለመሰብሰብ ከሚደክሙት ሰዎች ነበር። ስለዚህ «ለቅርቡም ለሩቁም አንድ ዋጋ ይሁን፤ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል» አለ።

መንግሥቱም ምክሩን ተቀብሎ ከጃንዋሪ 10 ቀን 1840 ጀምሮ ክብደቱ ከግማሽ አውንስ ለማይበልጥ ደብዳቤ በአገሩ ሁሉ አንድ ፔኒ እንዲከፈል አደረገ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በዓለም የመጀመሪያው ባለሙጫ ቴምብር ወጣ። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን የነበረው የደብዳቤ ብዛት በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። የፖስታ ቤቱ ትርፍ ግን ወዲያው ወድቆ እንደ ቀድሞው ለመሆን ብዙ ዓመታት ፈጀበት። ይህን ነገር ልብ በሉልን። ሕዝቡ የተጠቀመው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ሣጥኑ የሞላው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በየዓመቱ ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ማካፈል ያለበት ኩባንያ ይህን ያህል ዘመን ይታገሥ ነበርን?

በዚህ ታሪክ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ፍሬ አለ። ፖስታ ቤት ማለት ሕንፃው አይደለም፤ ቴምብሩም አይደለም። ፖስታ ቤት ማለት አንድ ቃል ኪዳን ነው፤ ይኸውም በከተማው መካከል ያለውም ሆነ በተራራው ጫፍ ያለው ሰው በአንድ ዋጋ መልእክቱ ይደርሰዋል የሚል ነው። በዚህ ቃል ኪዳን መሠረት የቅርቡ ሰው ከሚከፍለው ላይ ተርፎ የሩቁ ሰው ወጪ ይሸፈናል። የክርክራችንም ጥያቄ «ሻንጣውን ማን ይሸከም?» ሳይሆን «ይህን ቃል ኪዳን ማን ይጠብቀዋል?» የሚል ነው።

ያገራችን ፖስታ የተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጻቸውን የቀረጸው ኤዠን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ባለሙያ ነበር። ሰባት ዓይነት ሲሆኑ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የአንበሳ ሥዕል ነበረባቸው። ኢትዮጵያ በበርን ከተማ በ1874 በ22 አገሮች የተመሠረተውን የዓለም ፖስታ ኅብረት በ1901 ዓ.ም. ገባች። እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ ካገራችን ቴምብር ሌላ የባዕድ አገር ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያገራችን ቴምብር ብቻውን እስከ ዓለም ዳርቻ የሚያደርስ ሆነ።

በዚያው በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚመጣውን የባቡር ሐዲድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በኮንሴሲዮን ፈቀዱ። ሐዲዱ በኩባንያ ገንዘብ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም ኩባንያው ስለ ከሰረ ሥራው ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ነው ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው። እንግዲህ ሁለቱም መንገድ፣ የመንግሥት እጅና የኩባንያ እጅ፣ ባገራችን ባንድ ዓመት ተሞክረዋል ማለት ነው። ኩባንያው ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ አንክድም፤ ፖስታውንም ራሱን ያ ባቡር ተሸክሞታል። ነገር ግን ኩባንያ የሚሠራው ገንዘቡ እስከሚፈቅድለትና ትርፍ እስከሚታየው ድረስ መሆኑን ያ ታሪክ ያስተምረናል።

አሁን ደግሞ «ለግል ኩባንያ ይሰጥ» የሚሉት ጓደኞቻችን ያቀረቡትን ምክንያት ሳንቀንስ እንናገራለን፤ የባላጋራን ሐሳብ አጕድሎ ማቅረብ ከክርክር ሥርዐት ውጭ ነውና።

አንደኛው ምክንያታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተወዳዳሪ ስለሌለው ይተኛል የሚል ነው። ደንበኛ በሰልፍ ቢቆም፣ ጥቅሉ ቢዘገይ የሠራተኛው ደመወዝ አይጐድልም፤ ኪሣራም ቢመጣ ከግብር ከፋዩ ይሞላል ይላሉ። ለዚህም ከአሜሪካ ታሪክ ጥሩ ምስክር አመጡ። በ1844 ላይሳንደር ስፑነር የተባለ ሰው አንድ የግል የደብዳቤ ኩባንያ አቋቁሞ በቦስተን፣ በኒው ዮርክ፣ በፊላዴልፊያና በባልቲሞር መካከል ከመንግሥቱ ፖስታ ባነሰ ዋጋ ማመላለስ ጀመረ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1845 ዓመት የደብዳቤውን ዋጋ ዝቅ አደረገ፤ በ1851ም እንደ ገና ቀነሰ። የስፑነር ኩባንያ በሕግ ተገፍቶ ቢዘጋም መንግሥቱን ከእንቅልፉ ቀስቅሶታል።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ባገራችን በቅርቡ ያየነው ነው። በቴሌ ሥራ ላይ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ለሁለተኛ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ፤ እርሱም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከፈተ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመንግሥቱ ቴሌ 10 ከመቶ የሚሆነው አክሲዮን ለሕዝብ ለሽያጭ ቀረበ። «በስልክ የተፈቀደው በፖስታ ስለ ምን ይከለከላል?» ይላሉ።

ሦስተኛውም ምክንያታቸው የደብዳቤ ዘመን እያለፈ ስለ ሆነ፣ እየከሳ የሚሄደውን ሥራ መንግሥት ተሸክሞ ከሚደክም ለሚነግድበት ቢተወው ይሻላል የሚል ነው።

እነዚህ ምክንያቶች ቀላል አይደሉም። ሆኖም ስለ ስፑነር የተናገሩትን ደግማችሁ ተመልከቱ። ያመላልስ የነበረው ከታላላቅ ከተማ ወደ ታላላቅ ከተማ ነው፤ ደብዳቤ በብዛት ባለበት መስመር ላይ ማርከስ ቀላል ነው። በሩቅ እርሻ ላይ ለሚኖረው አሜሪካዊ ገበሬ ግን ማንም የግል ኩባንያ በየቀኑ ደብዳቤ አላደረሰለትም። ያንን በ1896 የጀመረው የመንግሥቱ ፖስታ ነው። ጥቅል ዕቃም እንደዚሁ ነበር። የግል አመላላሾች በባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን ያገለግሉ ነበር እንጂ ወደ ገጠሩ እምብዛም አይዘልቁም ነበርና፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1913 የመንግሥቱ ፖስታ የጥቅል አገልግሎት ሲከፍት ነው ገበሬው ካለበት ሆኖ ከከተማ ዕቃ ማዘዝ የቻለው። ዛሬም በግራንድ ካንየን ገደል ሥር ወዳለችው ሱፓይ መንደር የአሜሪካ ፖስታ በበቅሎ ይወርዳል። ይህን የሰማ ያገራችን ሰው በቅሎዋን እንጂ አገሩን ባዕድ ነው አይልም።

ስለ ስልኩም የተነገረው ከፖስታ ጋር አንድ አይደለም። አንድ የስልክ ማማ አንድ ጊዜ ከተተከለ በዙሪያው ያሉትን ሺህ ሰዎች ባንድነት ያገለግላል፤ ሺህ አንደኛው ሰው ሲጨመር ወጪው እምብዛም አይጨምርም። ፖስታ ግን በየጊዜው በእግር፣ በበቅሎ፣ በመኪና እየተሄደ የሚደርስ ነው። ዛሬ ወደ ተራራው የወጣው ፖስተኛ ነገም መውጣት አለበት። የመጨረሻው ቤት ወጪ ምን ጊዜም አይረክስም፤ ስለዚህም ትርፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ያንን የመጨረሻ ቤት ነው።

ወደ ቅርብ ጊዜው እንምጣና አገሮች የሠሩትን እንመርምር፤ ምክር ከሚበዛ ምስክር ይሻላልና። ረዘም አድርገን የምንናገረው የዚያኑ የአንድ ፔኒ አገር የእንግሊዝን ነገር ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት በ2011 በወጣ ሕግ መሠረት ሮያል ሜይል የሚባለውን የፖስታ ድርጅት በኦክቶበር 2013 ለሽያጭ አቀረበ። አንዱ አክሲዮን በ330 ፔንስ ተሸጦ ገና በመጀመሪያው የገበያ ቀን 455 ፔንስ ደረሰ። የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2014 ሽያጩን መርምሮ መንግሥት በዋጋው ከመጠን በላይ እንደ ተጠነቀቀ ገለጸ። በሌላ አነጋገር፣ ሕዝቡ የራሱን ንብረት በርካሽ ሸጠ። በ2015 መንግሥት የቀረውንም አክሲዮን አስወጣ። ደብዳቤ የሚቀበሉት ፖስታ ቤቶች ግን ተለይተው በመንግሥት እጅ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይህ ነው። በ2013 የአንደኛ ማዕርግ ቴምብር 60 ፔንስ ነበረ፤ በ2025 1 ፓውንድ ከ70 ፔንስ ሆነ። ደብዳቤ በሰዓቱ ባለማድረሱ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ኩባንያውን በ2023 5.6 ሚሊዮን፣ በ2024 10.5 ሚሊዮን፣ በ2025 21 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ከጁላይ 2025 ጀምሮም የሁለተኛ ማዕርግ ደብዳቤ በየቀኑ መታደሉ ቀርቶ በሥራ ቀኖች አንድ ቀን እየተዘለለ እንዲታደል ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ኩባንያው በ3.6 ቢሊዮን ፓውንድ ወደ ቼኩ ባለጸጋ ወደ ዳንኤል ክሬቲንስኪ ቡድን እጅ ገባ።

ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን ሌላውንም ወገን እንናገር። በእንግሊዝ አገር በ2004 ገደማ በዓመት 20 ቢሊዮን የነበረው የደብዳቤ ቍጥር በ2024 ከ7 ቢሊዮን በታች ወርዶአል። ስለዚህ ዋጋው የናረው በባለቤቱ መለወጥ ብቻ ነው አንልም፤ ፖስታው የመንግሥት ቢሆንም ኖሮ ቴምብሩ መወደዱ አይቀርም ነበር። ደግሞም በስኮትላንድ ደሴት ላይ ላለው ሰው የሚከፈለው ዋጋና በለንደን ላለው ሰው የሚከፈለው ዋጋ ዛሬም አንድ ነው። ይህ የሆነው ግን ኩባንያው ስለ ወደደ ሳይሆን ሕጉ ስለሚያስገድደው፣ ሕጉንም ሲጥስ የሚቀጣ ብርቱ ተቈጣጣሪ ስላለ ነው።

የጀርመን ነገር ደግሞ ለግል ወገን የተሻለ ምስክር ነው። የጀርመን ፖስታ በ1995 የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፤ በ2000 አክሲዮኑ ለገበያ ወጣ፤ በ2008 የደብዳቤ ሞኖፖሉ ቀረ። ኩባንያውም ዲ.ኤች.ኤል.ን ጠቅልሎ ከዓለም ታላላቅ አመላላሾች አንዱ ሆነ። ሆኖም መንግሥት በባንኩ በኩል ለብዙ ዓመታት ዋና ባለአክሲዮን ሆኖ ቈይቶአል፤ የማድረስም ግዴታ በሕግ ተጽፎ ቀርቶአል። በአርጀንቲና ግን ነገሩ ተቃራኒ ሆነ። በ1997 ፖስታው በ30 ዓመት ኮንሴሲዮን ለአንድ የግል ቡድን ተሰጠ፤ ቡድኑ ለመንግሥት ሊከፍል የገባውን ገንዘብ ሳይከፍል ቀረ፤ በ2003 መንግሥት ውሉን ሰርዞ ፖስታውን መልሶ ወሰደ።

የመጨረሻው ምስክራችን ዴንማርክ ነው፤ ይህም እኛን ራሳችንን አስደንግጦናል። የዴንማርክ ፖስታ የተመሠረተው በ1624 ነው። የዛሬው ድርጅት ባለቤቶች የዴንማርክና የስዊድን መንግሥታት ናቸው፤ የግል ኩባንያ አይደለም። ነገር ግን በ2000 1.4 ቢሊዮን የነበረው የደብዳቤ ቍጥር በ2024 ወደ 110 ሚሊዮን ወረደ፤ አዲስ ሕግ ወጥቶም ለሁሉ የማድረስ ግዴታው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ 1,500 ያህል ቀይ የደብዳቤ ሣጥኖቹን ከየመንገዱ ነቅሎ በዲሴምበር 2025 መጨረሻ ደብዳቤ ማደል ፈጽሞ አቆመ። ከ400 ዓመት በኋላ! ደብዳቤ መላክ የሚፈልግ ዛሬ ወደ ግል ኩባንያ ይሄዳል።

ከነዚህ ከአራቱ አገሮች ምን እንማራለን? ባለቤትነት ብቻውን ቃል ኪዳኑን እንደማይጠብቅ እንማራለን። ጀርመን አክሲዮኑን ሸጣ ቃል ኪዳኑን በሕግ አቆየች፤ ዴንማርክ አክሲዮኑን ይዛ ቃል ኪዳኑን ተወች። ስለዚህ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ግዴታው ነው፤ የባለቤቱ ነገር የሚከተል ነው።

«እንግዲያስ ባለቤቱ ማንም ቢሆን ግድ የለም ማለት ነውን?» ትሉን ይሆናል። ላገራችን ሲሆን ግድ አለው እንላለን፤ ምክንያታችንም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፣ እንግሊዝና ጀርመን የሸጡት የተሠራ ቤት ነው። በዚያ አገር እያንዳንዱ በር ቍጥር፣ እያንዳንዱ መንገድ ስም አለው፤ ፖስተኛውም በእያንዳንዱ ደጃፍ ሲደርስ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባገራችን ግን ደብዳቤ የሚደርሰው እስከ ፖስታ ሣጥን ነው። ሣጥን የሌለው ሰው «በእገሌ በኩል» እያስባለ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመሥሪያ ቤት ሣጥን ይጠቀማል። የሕዝባችን የሚበዛው ክፍል የሚኖረው ደግሞ በገጠር ነው። ይህ ቤት ገና መሠረቱ ላይ ነው ያለው። ዛሬ ለሽያጭ ቢቀርብ የሚገዛው ሰው የሚገዛው በታላላቅ ከተሞች መካከል ያሉትን ሕንፃዎችና አትራፊውን መስመር ነው እንጂ ያልተሠራውን የገጠር መንገድ አይደለም። ያልተሠራውን የሚሠራ ሌላ ሰው ደግሞ አይኖርም።

ሁለተኛው፣ በኩባንያ ላይ ግዴታ ለመጫን ብርቱ ተቈጣጣሪ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ እንኳ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተቀጥቶ ደብዳቤው አልፈጠነም። ተቈጣጣሪው ገና ባልጠነከረበት አገር ኩባንያው «የገጠሩ መስመር ስለማያዋጣኝ ዘጋሁ» ቢል ማን ያስከፍተዋል? የተዘጋ የገጠር ፖስታ ቤት ድምፅ የለውም፤ የሚጮኽለት ጋዜጣም አያገኝም።

በነዚህ ምክንያቶች ያገራችን ፖስታ በመንግሥት እጅ ሊቈይ ይገባዋል እንላለን። ነገር ግን «ይቈይ» ስንል «እንዳለ ይቈይ» ማለታችን አይደለም። ተኝቶ የሚቈይ ከሆነ ጓደኞቻችን ረትተውናል። ስለዚህ አራት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ግዴታው በግልጽ ይጻፍ። በየወረዳው ቢያንስ አንድ የፖስታ መቀበያና መስጫ ስፍራ እንዲኖር፣ ዋጋው ለሁሉ አንድ እንዲሆን፣ በስንት ቀን መድረስ እንዳለበት ተቈርጦ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ የሚቀጣው ሌላ ይሁን። አንድ መንግሥት የፖስታው ባለቤትም ተቈጣጣሪም በአንድ መሥሪያ ቤት ከሆነ ራሱን አይቀጣም። የእንግሊዞችን ኩባንያ አንመኝም፤ የእንግሊዞችን ተቈጣጣሪ ግን እንመኛለን። ምን ያህሉ ጥቅል በጊዜው እንደ ደረሰ፣ ምን ያህሉ እንደ ጠፋ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር፤ በፖስታ ቤቱም በር ላይ ይለጠፍ።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ ይለይ። ለገጠሩ አገልግሎት የሚወጣው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ለብቻው ይጻፍ። ያን ጊዜ ኪሣራው ከስንፍና የመጣ ይሁን ከቃል ኪዳኑ የመጣ ሁሉም ያውቃል። ከቃል ኪዳኑ የመጣውን ወጪ እኛ ኪሣራ አንለውም። ትምህርት ቤት ስንት አተረፈ ተብሎ አይጠየቅም፤ ድልድይም እንደዚሁ።

አራተኛ፣ ለግል ኩባንያዎች በሩ አይዘጋ። ፈጣን መልእክትና ጥቅል የሚያደርሱ የግል ድርጅቶች ዛሬም ባገራችን አሉ፤ ይበርቱ፤ ይወዳደሩ። የስፑነር ታሪክ እንደሚያሳየን ውድድር መንግሥትን ይቀሰቅሳል። ነገር ግን ማር ባለበት መስመር ብቻ የሚሠሩት ከገቢያቸው ጥቂት እጅ ለገጠሩ መስመር መርጃ እንዲያዋጡ ሕግ ይውጣ። የአውቶቡስ ሾፌሮችንም ቢሆን ፖስታ ቤት ጠላት ሳያደርግ ቢዋዋላቸው፣ ያ በመናኸሪያ የሚሰጠው ጥቅል ደረሰኝና ኀላፊ ያገኝ ነበር። መኪናው አለ፤ መንገዱም አለ፤ የጐደለው ሥርዐቱ ብቻ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ! እኛን ለማስተማር ከሩቅ ገጠር ስንቅ የላካችሁ ብዙዎች ናችሁ። ያ ስንቅ በሰው እጅ መጥቶአል፤ አንዳንዱ ደርሶአል፤ አንዳንዱም በመንገድ ቀርቶአል። ነገ እኛ ከደመወዛችን መድኃኒትና መነጽር ስንልክላችሁ እንደዚያ እንዲሆን አንወድም።

መምህሮቻችን ሆይ! ዋጋው ለሁሉ አንድ ይሁን ብሎ ያሰበው ሰው መምህር እንደ ነበረ ስንማር ደስ ብሎናል። ሒሳብ ያወቀ ሰው ድኻን እንዴት ሊጠቅም እንደሚችል አይተንበታልና።

ጓደኞቻችን ሆይ! ከእኛ መካከል አንዳንዱ የሒሳብ ሹም፣ አንዳንዱ መሐንዲስ፣ አንዳንዱ ነጋዴ፣ ምናልባትም አንዳንዱ ሕግ አውጭ ይሆናል። የሕዝብ የሆነ ነገር «ይሸጥ» ወይም «አይሸጥ» የሚል ጥያቄ ወደየጠረጴዛችን በሚመጣበት ቀን፣ ከዋጋው አስቀድመን «የመጨረሻው ቤት ምን ይሆናል?» ብለን እንጠይቅ። የዚህ ጥያቄ መልስ በጽሑፍ ካልተሰጠ በቀር ፊርማችንን አናኑር።